እርጥቡ ሳህን

የዓሣ ማራቢያው ኃላፊ፣ የሚስቴ አጎት፣ «የሰባተኛ ክፍል ፕሮፌሰር» ብለው የሰደቡኝ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ነው። ስድስት ሠራተኞች ነበሩ፤ አምስቱ ሳቁ። ስድስተኛው አልሰማም ነበርና ተደግሞለት ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ እሳቸውም አይጠይቁኝም።

ባለፈው ወር ግን ማራቢያው በር ላይ ድንገት ተገጣጠምን። በአንድ እጃቸው ቢላዋ፣ በሌላው ባልዲ ይዘዋል።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ሙሽራውን ላርድ። ሦስት ጊዜ እንቁላል አበላሸብኝ። መካን ነው።»

ሙሽራው ማለት አራት ዓመት በእጄ አብልቼ ያሳደግሁት ካርፕ የሚባለው ዓሣ፣ ትልቁ ወንድ ነው። ዝም ብዬ መቆም አቃተኝ።

«መካን አይደለም። ያበላሸው ሳህንዎ ነው።»

«ሳህኔ?» አሉ ቢላዋውን ወደ እኔ አዙረው። «በገዛ እጄ ያጠብኩት ሳህን? አንተ ቤት መጥቼ ብርጭቆው ላይ የጣት አሻራ አይቼ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ እኮ!»

ይህንንም በልቤ ያዝኩላቸው።

«ማጠብዎስ ደግ ነው። ሳያደርቁት የወንዱን ዘር መጭመቅዎ ነው ክፋቱ።»

«ዓሣ የሚኖረው የት ነው? ውሃ ውስጥ አይደለም? ውሃ ፈጀው ትለኛለህ? ጉድ እኮ ነው!»

ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ሊሳሳት እንደሚችል የሚነግረው አጥቶ ያረጃል። የሚነግረው ሲያገኝ ደግሞ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ይጠይቀዋል።

«ጋሼ፣ ሊያሠለጥነን የተላከው ሰው ማይክሮስኮፕ ይዞ የመጣ ቀን እርስዎ ጥላ ሥር ተኝተው ነበር። እኔ አየሁ። የዓሣ ቆለጥ ውስጡ ቀጫጭን ቱቦ ነው። የቱቦው ግድግዳ ላይ ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ዙሪያቸውን ሞግዚት ሕዋሳት ከበው ይንከባከቧቸዋል። በአንድ ከረጢት ያሉት የዘር ሕዋሳት ሁሉ እኩያ ናቸው፤ አብረው ይከፋፈላሉ፣ አብረው ጭራ ያወጣሉ። ሲደርሱ ከረጢቱ ይፈነዳና ወደ ቱቦው ይፈስሳሉ።»

«እንደ አንድ ክፍል ተማሪ በለኛ።»

«አዎ፤ ክፍል የሚደግም የለም እንጂ።»

«እንግዲያው አንተ አልነበርክባቸውማ!» ብለው ሳቁ። ቢላዋው ግን ዝቅ አለ።

ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። «ዘሩ እዚያ ውስጥ ሳለ አይዋኝም። የሚቀሰቅሰው ውሃ ነው። ውሃ ሲነካው ይሮጣል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጉልበቱ ያልቃል። እርስዎ እርጥብ ሳህን ላይ ጨምቀው እንቁላሉን እስኪያመጡ፣ ሩጫው አልቋል። አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝና እንፈትሸው፤ ካልሆነ ቢላዋዎ የትም አይሄድ።»

«ካልሆነ አንተ ራስህ ታርደዋለህ!»

«እሺ።»

ሳህኖቹን ላመጣ ገባሁ።

ከአንዲት እናት የወጣውን እንቁላል ለሁለት ከፈልን። እሳቸው የሙሽራውን ዘር እንደ ልማዳቸው እርጥቡ ሳህን ላይ ጨመቁ። እኔ ሳህኑን በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ፣ እንቁላሉንና የሙሽራውን ዘር በላባ ቀላቅዬ፣ ውሃውን መጨረሻ ላይ ጨመርኩ።

በማግስቱ የእሳቸው እንቁላል እንደ ተቀቀለ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። የእኔው አብዛኛው እንደ መስታወት የጠራ፣ ሕይወት የያዘ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። «እውነትም ሳህኑ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል ብቻ።

ከዚያ ቀና ብለው ሠራተኞቹን በሙሉ ጠሩ።

«ስሙ! ሳህን ይታጠባል፣ ከዚያም ይደርቃል! እንቁላልና ዘር መጀመሪያ፣ ውሃ በኋላ! እንዲህ ስታደርጉ አንድ ወንድ ለብዙ እናቶች ይበቃል፤ ጤነኛ ዓሣ በከንቱ አይታረድም፤ የዓሣ ጫጩት ፈልጎ የመጣ ገበሬም ባዶ ባልዲ ይዞ አይመለስም። ሰው ዓሣውን መካን ከማለቱ በፊት የራሱን እጅ ይመርምር!»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አላጎደሉም። ያጎደሉት ማን እንደነገራቸው ብቻ ነው። ሠራተኞቹም «ዕድሜ ይስጥዎ ጋሼ! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» አሉ።

ይኼኔ ወደ እኔ ዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ አንተ? ከዱሮም እንዲህ ስላችሁ አልነበር?»

የመኖውን ባልዲ አንሥቼ ወደ ኩሬው ሄድኩ።