ከመስታወቱ ሥር ያለችው ነጥብ

ኮምቦልቻ፣ የአንድ ሶላር ፓነል ፋብሪካ መጋዘን፣ ሠራተኞቹ ከአረፋ በዓል እረፍት በተመለሱበት ጠዋት፤ ጥራት ተቆጣጣሪዋ ዘይነባ እና ብየዳ ያስተማራት የምርት ኃላፊው ጋሽ እንድሪስ በስድስት መቶ ፓነል መሃል ቆመዋል።

ዘይነባ፦ አልፈርምም ብያለሁ።

እንድሪስ፦ ገዢዎቹ ሐርቡ ከተማን ካለፉ ቆይተዋል፣ ሊደርሱ ነው አንቺ ልጅ። ፈርሚ አልኩሽ እንጂ ኩላሊትሽን ስጪኝ አላልኩሽ።

ዘይነባ፦ ወረቀቱ ምን ይላል? ያንብቡልኝ።

እንድሪስ፦ «እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ ተፈተሸ» ይላል። ስትፈርሚው የኖርሽው ነው።

ዘይነባ፦ ስፈርም የኖርኩት እጄ ባረፈበት ላይ ነው። የብየዳው ማሽን ሦስት ወር ሙሉ አቧራ ለብሷል። ፓነል አድርገን የምንበይደው ሴል ከጅቡቲ አልተነሳም አላሉንም? ታዲያ ይሄ ሁሉ ፓነል ከየት መጣ፣ በዝናብ በቀለ?

እንድሪስ፦ መጣ በቃ።

ዘይነባ፦ ተሠርቶ አልቆ ከውጭ መጣ። ለአረፋ አንድ ሳምንት ጨመሩልን፤ አርባ ሴት እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግንልዎ። ለካ አንቱ እኛን ሸኝተው «የኢትዮጵያ ምርት» የሚል ወረቀት ሲለጥፉ ሰንብተዋል።

እንድሪስ፦ ወድጄ መሰለሽ? ሴል መግዣ ምንዛሪ ጠፋ። ገዢው ደግሞ ፓነሉን ለሚተክልላቸው ጤና ጣቢያዎች ካገር ምርት በቀር አልነካም አለ። ይችን ካለፍናት ሴሉም ይመጣል፣ ማሽኑም ይነሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ዘይነባ፦ እንቁላሉ የኛ ሲሆን ነዋ ጋሼ። ጫጩት ከገበያ ገዝቶ «ዶሮዬ ፈለፈለች» ማለት ምን ይባላል?

እንድሪስ፦ መቸገር ይባላል። ፋብሪካው ሲዘጋ አርባዎቹን ማን ይቀጥራቸው፣ አንቺ?

ዘይነባ፦ በነሱ አይምጡብኝ። ይሄ ካለፈማ ሴል የሚያስመጣ ማን ሞኝ አለ? ወረቀት ለመለጠፍ ሁለት ሰው ይበቃል።

እንድሪስ፦ እኔ እያለሁ አትበተኑም።

ዘይነባ፦ ባለፈው ሳምንት ቢሉኝ አምንዎት ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ። ከሌላ ሰው ቢመጣ ስቄ አልፈው ነበር፣ ካንቱ ሲሆን ግን አመመኝ።

እንድሪስ፦ ዘይኑ፣ እንደ ልጄ ነው ያየሁሽ።

ዘይነባ፦ ልጅዎን ነው ሐሰት የሚያስፈርሙ?

እንድሪስ፦ ማን ሊያውቅ? መልኩ አንድ፣ መጠኑ አንድ።

ዘይነባ፦ ነጥቧስ?

እንድሪስ፦ የምን ነጥብ?

ዘይነባ፦ ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስተማሩኝ ናታ። «ከመታሸጉ በፊት ጥጉ ላይ አንዲት የብየዳ ነጥብ ጣይ፤ ሰው የእጁን ሥራ ይወቅበት» አሉኝ። አርባዎቻችንም ስንጥል ኖርን። እነዚህን ከንጋት ጀምሬ አንድ በአንድ አየኋቸው፣ አንዱም ላይ የለችም። መስታወቱ ከታሸገ ወዲያ ደግሞ ማንም አያስገባትም።

እንድሪስ፦ እሱ የኛ የቤት ጨዋታ ነው። ገዢ ምኑን ያውቀዋል።

ዘይነባ፦ አምና ሲመጡ ማን ነበር ያስጎበኛቸው?

እንድሪስ፦ እኔ ነኝ።

ዘይነባ፦ የኔን ፓነል ብርሃን ላይ ከፍ አድርገው «ይቺ ነጥብ የሌለችበት ከኛ ቤት አይወጣም» ያሏቸውስ?

እንድሪስ፦ ያ ረቢ።

ዘይነባ፦ መኪናቸው በር ላይ ደርሷል። እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም። ነጥቧን አሳዩን ሲሉ አንቱ ያሳዩዋቸዋል።