የሳህራ ቁስልና የተሸፈነው ሣጥን

ለአምስት ወራት ያህል የሳህራን ቁስል የሳህራ ጥፋት አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። በሸደር የስደተኞች መጠለያ የአካል ተሃድሶ ባለሙያ ነበርሁ። ከጉልበቷ በታች በተቆረጠው እግሯ ላይ ያጠለቅሁላት የሰው ሠራሽ እግር ማቀፊያ አጥንቷን እየጫነ ባቆሰላት ቁጥር፣ «ንጽሕናዋን አትጠብቅም፤ ከታዘዘችው በላይ ትቆማለች» ብዬ እመዘግብ ነበር። እርሷም ባለሙያ ይሳሳታል ብላ አልጠረጠረችምና ዝም አለች። ቁስሉ አመርቅዞ ሐኪሞች ጉልበቷን ጭምር ከቆረጡ በኋላ ነው ማቀፊያውን አንሥቼ የለካሁት። በአንድ ወገን አራት ሚሊሜትር ጠብቦ አገኘሁት።

በማግሥቱ ጅግጅጋ ሄድሁ። ማቀፊያዎቹ የሚወጡበትን የእንጨት ቅርጽ የሚሠሩልን ሂርሲ የተባሉ አዛውንት አናጢ ናቸው። ሦስት ሞተሮች ገዝተው፣ ብረት በይደው፣ በኮምፒዩተር ትእዛዝ እንጨት የሚፈለፍል ሲኤንሲ ማሽን በገዛ እጃቸው አቁመዋል። ስደርስ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከተመረቀችው የወንድማቸው ልጅ ከዐኒሳ ጋር ይከራከሩ ነበር።

«እንኳን መጣህ፣ ዶክተር!» አሉኝ፤ ዶክተር እንዳልሆንሁ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። «ከዚህች ልጅ ገላግለኝ። ደኅናውን ማሽን ታሟል ትላለች። የሆዶ ቅርጽ ዛሬ ያልቃል፤ ነገ ትወስድላታለህ።»

ሆዶ ከሳህራ ቀጥላ ተራ የምትጠብቅ ታካሚዬ ናት። የሳህራን ማቀፊያ ከጠረጴዛው ላይ አኑሬ የደረሰባትን ነገርኋቸው።

«ኢንና ሊላሂ!» አሉና ማቀፊያውን አንሥተው አገላበጡት። ቀጥለውም፣ «እንጨቱ ነው። አንጓ ሲያጋጥመው መቁረጫውን ይገፋዋል» አሉ።

«እንጨቱ አይደለም፣ አዴር። ድራይቨሩ ነው» አለች ዐኒሳ፣ አጎቷን በሶማልኛ እየጠራች።

ድራይቨር የምትለው ከኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ ኮረንቲ እየመጠነ የሚያቀብለውን ሰሌዳ ነው። ሞተሩ በጥቃቅን እርምጃ ይዞራል፤ ማሽኑም የታዘዘውን እርምጃ ይቆጥራል እንጂ በእርግጥ መረገጡን አያይም።

«ሞተሩ ይዞራል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ሦስት አምፔር ይላል። እርስዎ የገዙት ትንሽ ድራይቨር ግን አንድ ተኩል እንኳ ሳይግል አይሸከምም። የግመል ጭነት በፍየል ላይ ጭነው፣ ፍየሏ ለጊዜው ስለቆመች ብቻ ኤረር ከተማ ድረስ ትሄዳለች ይላሉ?»

«ፍየል እኮ ርካሽ ናት!» አሉ ሂርሲ። ማንም አልሳቀም። «እሺ፣ ማሽኑ ቀስ ብሎ ይሂድ።»

«ሞተሩ ቆሞም ኮረንቲ ይወስዳል። ቀስ ማለቱ ድራይቨሩን አያበርደውም።»

«ትልቁን ብገዛስ? ሞተሬን ያቃጥልብኛል።»

«አያቃጥልም። ትልቁ ድራይቨር የኮረንቲው ጣሪያ የሚወሰንበት ማብሪያ አለው፤ በሦስት አምፔር እናቆመዋለን። አራት የሚችለውን የምንገዛው ሳይጨነቅ ሦስት እንዲሰጠን ነው። ከፍ ያለ ቮልትም ይቀበላል፤ አሁን በምንሰጠው በአሥራ ሁለት ቮልት ፋንታ ሠላሳ ስድስት ስንሰጠው ሞተሩ ሲፈጥን አይዝልም።»

ይህን እያለች የድራይቨሮቹን ሣጥን አሳየችኝ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል። በጅግጅጋ ነፋስ አቧራ የማይገባበት ቤት የለምና ሰው የሚሳሳለትን ዕቃ ሁሉ ይሸፍናል። ሂርሲም ከማሽናቸው ሁሉ ውዱን ክፍል አክብረው ሸፍነዋል።

«ብትገልጪው በሳምንት አፈር ይበላዋል!»

«ሸፍነውት ደግሞ በሰዓት ይግላል። ሲግል ራሱን ለማዳን ለቅጽበት ኮረንቲውን ያቋርጣል፤ ሲበርድ ይቀጥላል። በመካከል ያመለጠው እርምጃ አይመለስም። ማሽኑ ግን ልክ ነኝ ብሎ መቅረጹን አይተውም።»

«ወላሂ፣ ካላየሁ አላምንም።»

ዐኒሳ መቁረጫውን አውልቃ በቦታው እርሳስ አሰረች። በወረቀት ላይ መነሻ ነጥብ አስነካችና የሆዶን ቅርጽ ትእዛዝ ያለ እንጨት፣ በባዶ አየር አስኬደችው። «አሁን አንጓ የለም» አለች። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ቆመን ተመለከትን። በመጨረሻ እርሳሱ ወደ ነጥቡ ሊመለስ ሲገባው ከጎኑ አረፈ። ሂርሲ ማስመሪያ አምጥተው ራሳቸው ለኩ፤ ሦስት ሚሊሜትር ተኩል። ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን ሰደው ሰሌዳውን ነኩና ተቃጥለው መለሱት።

«በዚህ ማሽን የተሠራውን እስካሁን ስንት ሰው ወሰደ?» አሉኝ።

«ሃያ ሦስት።»

«ለምን አልለካህም?»

«አመንሁዎት።»

«እኔ ማሽኑን አመንሁ፤ አንተ እኔን አመንህ። ያቺ ምስኪን ደግሞ አንተን አመነች» አሉና ተቀመጡ። «ዐኒሳ፣ የሚገዛውን ጻፊ። አቧራውንስ ምን እናድርገው?»

«በጨርቅ ወንፊት እናጣራዋለን፤ ሙቀቱን በማራገቢያ እናስወጣለን። አየር የሚተነፍስ ሣጥን ይበቃናል።»

ሳይለኩ ማመን ስንፍና በትሕትና ስም የሚጠራበት ዘዴ እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ። በሞተሩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ፣ ከዚያ የሚበልጥ አቅም ያለው ድራይቨር መርጦ፣ ማቀዝቀዣና በቂ ቮልት ሰጥቶ፣ ከየሥራው በኋላ መነሻ ነጥቡን መፈተሽ ከባድ ዕውቀት አይደለም። ጥቅሙ ግን የታዘዘው ልክ ከሰው ገላ ላይ ልክ ሆኖ መድረሱ ነው፤ እንጨት አይባክንም፣ ሥራ አይደገምም፣ ሰውም ባልሠራው ጥፋት አይወቀስም።

ሦስቱ ድራይቨሮች በሁለት ሳምንት ውስጥ ተቀየሩ። የሆዶን ቅርጽ እንደገና አሠርተን ሦስታችንም በየተራ ለካነው። ሃያ ሦስቱንም ማቀፊያዎች ከሸደር ሰብስበን መረመርን፤ ዘጠኙን አስወግደን በአዲስ ተካን።