መዳፍ የማይፈተሽበት ደን

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት አያት ጃንጥላቸውን በብብታቸው ሸጉጠው፣ የልጅ ሹራብ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ከከተማው ዳር ካለው የመንግሥት ደን በር ደረሱ። የልጅ ልጃቸው ከአስተማሪዋና ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ለሽርሽር ገብታለች። እናቷ ፈቅዳለች፤ እሳቸውን ግን የጠየቀ የለም። ስለዚህ ልጅቷን ይዘው ሊመለሱ፣ ዳግመኛም እንዳትረግጠው ሊያስምሏት ቆርጠው መጥተዋል።

በሩ ላይ የደን ትምህርት የተማረች ወጣት ጠባቂ ብቅ አለች። አያት የደንብ ልብሱን ሲያዩ ፌስታሉን ጥለው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ምን ልስጥዎ እማማ?»

«ምን ትሰጪኛለሽ! ፈትሺኝ እንጂ። ሙጫ የለብኝም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። በልጅነታቸው ከዚህ በር የምትወጣ ሴት ሁሉ መዳፏን ታሳይ ነበር። ሙጫ ከተገኘባት ዛፍ ቆርጣለች ተብላ ትዋረዳለች። እናታቸው እንዲያ ተይዘው ሰው ፊት ሲያለቅሱ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ደኑን በሩቁ ዞረው ነው የሚያልፉት።

አያት ይህን ሲነግሯት የጠባቂዋ ፈገግታ ጠፋ። «ዛሬ መዳፍ አንፈትሽም እማማ። ይግቡ፣ አብረን እንፈልጋት።»

«ሰው እንጨት ካልለቀመ፣ ከብት ካላሰማራ እዚህ ምን ሊሠራ ይገባል?»

«ሊያርፍ።»

«ለማረፍማ አልጋ መች ጠፋ!»

«አልጋ እግር አያፍታታም፤ የታፈነ ደረትም አይከፍትም።»

ገቡ። አያት በየእርምጃው ይቆማሉ።

«ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?»

«ቅጠል ነው።»

«ቅጠሉን ማን ነካው?»

«ወፍ።»

«ወፏንስ ማን አስደነገጣት?»

«እርስዎ!»

አያት ሊስቁ ዳድቷቸው ተዉት።

«ድሮ ለምን እንደተከለከለ ያውቃሉ?» አለች ጠባቂዋ።

«ለክፋት ነዋ!»

«ይህ ኮረብታ ተመንጥሮ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ዝናቡን የሚይዘው ሥር ጠፋና ጎርፍ ወርዶ የታችኛውን ሰፈር ጠራረገው። ከዚያ ነው መንግሥት አጥሮ ችግኝ ያስተከለው።»

አያት ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ያ ጎርፍ የአክስቴን ቤት በልቷል። ከዚህ መጣ ያለኝ ግን የለም።»

ይኸው ነው የብዙዎቻችን ነገር። መከልከሉን እንጂ ምክንያቱን የነገረን የለም፤ ምክንያቱን ያልሰማ ሰው ደግሞ ወይ ይፈራል ወይ ይሰርቃል።

«ማጠሩ ልክ ነበር፤ ሰው ማዋረዱ ግን ልክ አልነበረም» አለች ጠባቂዋ። «ያኔ ዛፉን ከሰው ነበር የሚጠብቁት። እኛ ግን በሩን የከፈትነው ሰው ራሱ እንዲጠብቀው ነው። ጥላው ሥር የተጫወተ ልጅ አድጎ ምሳር አያነሳበትም።»

ልጆቹ ከተቀመጡበት ሜዳ ደረሱ። አያት አንድ በአንድ አዩ። የሳቸዋ የለችም።

«ልጄን! ልጄን ወዴት አደረጋችኋት!»

«አያቴ!» አለ ድምፅ ከአንድ ወፍራም ዛፍ ጀርባ። «ዛፉን ባቅፈው ተጣበቀብኝ!» እየሳቀች ሁለት መዳፏን ዘረጋች። ሙጫ በሙጫ ሆነዋል።

አያት ክው አሉ። እየተጣደፉ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉላት ጀመር፤ ዓይናቸው ጠባቂዋ ላይ ነው። «ልጅ ናት! አልቆረጠችም!»

«አውቃለሁ እማማ። ሙጫው ከዛፉ በራሱ ይፈሳል፤ የተደገፈውን ሁሉ ይነካል።» የራሷን መዳፍ አሳየቻቸው፤ እሱም ያብለጨልጫል።

አያት የልጅቷንና የጠባቂዋን መዳፍ እያፈራረቁ አዩ። «እንግዲያስ እናቴ…»

«ደክሟቸው ተደግፈው ይሆናል።»

አያት ወደ ዛፉ ሄዱ። መጀመሪያ በጣታቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ መዳፋቸው ነኩት፤ ኋላም ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ልጅቷን ይዘው አልተመለሱም። ይልቅስ «ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ዛሬ ጎረቤቶቻቸውን የሚመክሩት እሳቸው ናቸው። «ልጆቻችሁን አውጡ! እግራቸው ይፍታታል፣ ደረታቸው ይከፈታል፣ ማታ ያለ ጭቅጭቅ ይተኛሉ። ዛፉም ወዳጅ ያገኛል፤ ወዳጅ ያለው ዛፍ ደግሞ ጎርፍ ይመልስልናል። ሹራብ ግን እንዳትረሱ፤ ጥላው ይበርዳል!»

ያን ቀን ሲወጡ በሩ ላይ መዳፋቸውን አንዴ አንስተዋል፤ ሙጫው አልተጠረገም ነበር። ያነሱትም ጠባቂዋን ሊሰናበቱ ነው።