የወገቤና የእንቅልፍ ኪኒን

በእኛ ዘመን፣ ሐዊ ልጄ፣ በተሳቢ መኪና ከሞጆ ጅቡቲ ስንመላለስ፣ ወገብ አመመ ተብሎ ኪኒን አይዋጥም ነበር፤ በሻሽ ጥፍር አድርገሽ ታስሪና መሪሽን ትይዣለሽ፣ በቃ። ታዲያ ያ ሁሉ ዓመት የት ይሄዳል? ወገቤ ላይ ተጠራቅሞ ቆየና ጡረታ ስወጣ ጣለኝ።

ሐኪም ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ አዘዘልኝ፣ ወሰድኩት፣ እና እውነቱን ልንገርሽ፣ አሻለኝ። ከማሻል በቀር ሌላ ነገር አላደረገኝም፤ አንዳንዴ እንዲያውም መዋጡን እረሳው ነበር።

ታዲያ በዚያው ዓመት ባለቤቴ ሞተች። ልጆቹ ቀበሩ፣ አለቀሱ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ፤ እኔና ግድግዳው ቀረን። ግድግዳ ደግሞ ብታወሪው አይመልስልሽም! እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይሄኔ የመቂው ቶሎሳ፣ የሹፌርነት ጓደኛዬ፣ ሊጠይቀኝ መጣና፣ «አንተ ሰው፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? እንካ፣ ይቺ ለእኔ የታዘዘች የእንቅልፍ ኪኒን ናት፤ ከወገብህ ኪኒን ጋር አብረህ ዋጣት» አለኝ። ዋጥኳት።

ምን ልበልሽ፣ ልጄ! ሁለቱ ሲገናኙ ሌላ ነገር ሆኑ። ሰውነቴ ሞቀ፣ ቤቱ ሰው የሞላበት መሰለኝ። ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃ የምታነሳ መሰለኝና ጠራኋት፤ አልመለሰችም፣ እና አልከፋኝም። አየሽ? አልከፋኝም! በማግሥቱ ወገቤን ሳያመኝ ሁለቱንም ዋጥኩ። በሦስተኛውም ቀን። ቶሎሳ የተወልኝ ሲያልቅ ከፋርማሲ ፋርማሲ እየዞርኩ፣ «ወረቀቱ ጠፋብኝ፣ እባካችሁ» እያልኩ፣ በዚህ ሽበቴ ዋሸሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት እናትሽ አዴ ሎሚ በር ብታንኳኳ፣ ዝም። የጎረቤት ነገር፣ ገፍታ ገባች። ከንፈሬ ጠቁሯል፣ ትንፋሼ አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ጋሼ፣ ተነሱ እንጂ!» ስትል ሰማኋት፣ ግን ከሩቅ፣ ቡልቡላ ከተማ ሆና የምትጣራ ይመስል። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

ስነቃ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ «አባባ፣ ከትራማዶሉ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ሁለቱም ትንፋሽ ያደክማሉ፣ አብረው ሲሆኑ ደግሞ ሊገድሉዎት ይችላሉ። ሱሱም ያኔ ነው የሚጠነክረው። ወገብዎ ያን ያህል ብሶብዎት ነው?»

«ወገቤን አይደለም። ቤቱን ነው።»

እስክሪብቶዋን አነሳችና፣ «ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም።»

ይህንንም እንደ በሽታ ወረቀቷ ላይ ጻፈችው፣ እና ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ባንዴ ማቆም ክፉ ነው ብላ በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰችልኝ። ላብ አጠመቀኝ፣ ወራት ፈጀ። ቶሎሳ በስልክ ሲሰማ፣ «እኔኮ የጠቀምኩህ መስሎኝ!» ብሎ አለቀሰ፤ ምን ልበለው፣ እኔም መስሎኝ ነበር።

አሁን? ወገቤማ ያመኛል። ቤቱም ያመኛል። ግን ሕመሙ የየራሱ ነው፣ ለይቼ አውቀዋለሁ። አንቺም መድኃኒት ሲሰጡሽ የምትወስጂውን ሁሉ ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ሰማሽ? … ወዴት ትነሺያለሽ ታዲያ? ገና መምጣትሽ አይደል?

«አልሄድም አባባ፤ እግሬ ደንዝዞ ነው። ይጫወቱ።»