ሰልፍ ያዛባ ባንክ

ሰው የሚዘረፈው በጨለማ፣ ፊቱን በሸፈነ ሌባ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ዕድሜ ልኬን ልጆች ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ሐኪሜ ቁጣ አይበጅሽም ይለኛል። ይበል። ባለፈው የዐቢይ ጾም፣ እዚሁ ሚልዋኪ ደቡብ ሰፈር፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የሰማሁትን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ ሐኪም ማየት ያለበት እሱ ነው።

በጾሙ ዓርብ ዓርብ እዚያ ዓሣ ይጠበሳል። የድንች ቂጣ ከተፈጨ ፖም ጋር አለ፣ ጥቁር ዳቦ አለ፣ ለሚጠጣ ቢራ አለ፣ ሰፈሩም በሙሉ ይመጣል። በር ላይ ቆሞ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት የሚያድለውና ተራ የሚያስከብረው ክላረንስ ኖዋክ ነው፤ ከፋብሪካ ጡረታ የወጣ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ሰውዬ። በክላረንስ ሰልፍ ቄሱም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሚስቱ በርናዲን ደግሞ ወጥ ቤት ገብታ የድንች ቂጣውን ትጠብሳለች።

ያን ዕለት ከኋላዬ መጥታ የቆመችው የጎረቤቴ ልጅ ዊላ ነበረች። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ዛሬ ሕግ ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። እንዲሁ ሳንቀጣጠር ነው የተገናኘነው። በሩ ጋ ስንደርስ ቁጥሯን ተቀበለችና ክላረንስን ጠየቀችው።

«ሚስተር ኖዋክ፣ በቅጣት ገንዘብ የተነሣ ባንካችን ላይ ስለተከፈተው የጋራ ክስ የሚናገረው ካርድ በፖስታ ደርሶዎታል?»

«ቢጫው ካርድ? ከፒዛ ማስታወቂያው ጋር ቆሻሻ ውስጥ ነው።»

«ውይ፣ ለምን ጣሉት?»

«ልጄ፣ በዚህ ዘመን ገንዘብ ልንሰጥህ ነው ብሎ የሚመጣ ሁሉ ሊወስድ ነው የሚመጣው። ባለፈው ወር አንዱን የኔ ቢጤ ሽማግሌ ሎተሪ ደርሶሃል ብለው ጡረታውን ሙልጭ አርገው ወሰዱበት። ሞኛችሁን ፈልጉ ብዬ ጣልኩት።»

«መጠንቀቅዎ ጥሩ ነው፣ አልነቅፍዎትም» አለች ዊላ በትሕትና። «ግን አጭበርባሪ መጀመሪያ ገንዘብ ላክ ይላል፣ የባንክ ምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ ይላል። ይኼ ሰባራ ሳንቲም አይጠይቅዎትም። ካርዱንም ሆነ እኔን አይመኑ። የፍርድ ቤቱን ስልክ ራስዎ ፈልገው ይደውሉና መዝገብ ቤቱን ይጠይቁ። እኔም እንደዚያ ነው ያጣራሁት።»

እዚህ ላይ እኔም የምለው አለኝ። ያ ካርድ ለእኔም መጥቶልኛል። ስስ ወረቀት፣ ጉንዳን የምታክል ፊደል፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ትንፋሽ የሚያልቅበት ጽሑፍ። ባንኩ ሲቀጣን ግን እንደዚያ አልነበረም። ያኔ ደብዳቤው በወፍራም ወረቀት፣ በደማቅ ቀለም ነበር የሚመጣው። ሲወስዱ እንዲህ አጥርተው መጻፍ የሚያውቁ ሰዎች ሲመልሱ ጽሕፈት ይጠፋባቸዋል ብዬ አላምንም። እንዲጣል ብለው ነው የላኩት።

ክላረንስ ለተከታዮቹ ቁጥር ሰጠና ወደ እኛ ተመለሰ።

«እሺ፣ እውነት ነው እንበል። እኔ ግን ለማኝ አይደለሁም። ያለንን ሳናይ አወጣን፣ ተቀጣን፣ አለቀ። ጥፋቱ የቤቴ ነው። ለገዛ ጥፋቴ ካሳ ስጡኝ ብዬ ፍርድ ቤት አልሄድም።»

«የቤቴ» ሲል ዓይኑ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። እኔ ደግሞ ለምን እንደሄደ አውቃለሁ። ከዓመታት በፊት፣ አንድ ክረምት፣ በርናዲን ጠዋት ወጥታ ዳቦ፣ የራሷን የደም ግፊት መድኃኒት፣ የአውቶቡስ ትኬትና ለልጅ ልጇ የልደት ኬክ ገዛች። በዚያው ቀን ማታ የቤቱ ዕዳ ክፍያ ከሂሳባቸው ወጣ። ባንኩ ከሂሳባችሁ በላይ አወጣችሁ ብሎ ለዳቦው አንድ ቅጣት፣ ለመድኃኒቱ አንድ፣ ለትኬቱ አንድ፣ ለኬኩ አንድ ጣለ። ከዳቦው የዳቦው ቅጣት በለጠ። ክላረንስ በዚያ ሰሞን ሥራ ተቀንሶበት ነበርና ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኸ። የባንክ ካርዷንም ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ የቤት ወጪዋን በእጇ እየቆጠረ ነው የሚሰጣት። አርባ ዓመት ትዳር ይዛ፣ ልጆች አሳድጋ፣ ገበያ ስንሄድ እንደ ተማሪ ሳንቲም ስትቆጥር ሳያት አንጀቴ ያርራል። እሷ ግን አንድ ቀን ክፉ ተናግራው አታውቅም፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

«ስማኝ ክላረንስ» አልኩት፣ «አንተ ያንን ነገር እስከ ዛሬ በደንብ አጣርተኸዋል?»

«ምኑን አጣራለሁ? ባንክ ነው፣ በማሽን ነው የሚሠራው። ማሽን ከማን ጋር ይጣላል?»

«ማሽኑን ያዘዘው ሰው ነው» አለች ዊላ።

«ደግሞም ገንዘቡን ጠበቆቹ ናቸው የሚበሉት። ለእኔ የሚደርሰኝ የአንድ ሳህን ዓሣ ዋጋ ነው። ለዚያ ብዬ ስሜን አላስጠራም።»

ዊላ አልካደችም። «ጠበቆቹ ሲሶ ያህል ይወስዳሉ፣ እኔንም ይከነክነኛል። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ለእርስዎ ለብቻዎ ቅጣት ብሎ የትኛው ጠበቃ ይቆማል? የቢሮውን መብራት አይከፍልለትም። ባንኩ የተማመነውም በዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ሰው ጥቂት ጥቂት ከወሰድኩ ማንም አይከሰኝም አለ። የጋራ ክስ የተባለው ለዚህ ነው። እንደ እርስዎ የተነካ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ሲቆም አንድ ትልቅ ሰው ይሆናል።»

ክላረንስ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ልቡ አልገባም።

ይኼኔ ነው የመኪና ሻጩ ዳሪል ከሰልፉ ጭራ ተነሥቶ በጎን የመጣው። ለመሥሪያ ቤቱ ሰዎች አንድ ጭነት ዓሣ ሊወስድ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ብዙ የሰጠ ሰው ነውና ደረቱን ነፍቷል።

«ክላረንስ ወንድሜ፣ የእኔ ትዕዛዝ ትልቅ ስለሆነ መጀመሪያ ብትጨርሱልኝ አይሻልም?»

«ከኋላ።»

«ለእናንተም ሥራ ያቀላል እኮ።»

«ዳሪል፣ እዚህ የቆሙት እናቶች ከአንተ በፊት መጥተዋል። ወጥ ቤት የቀረውን ዓሣ አንተ ጠራርገህ ስትወጣ እነዚህ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? ከኋላ ብያለሁ።»

ዳሪል እያጉረመረመ ተመለሰ። ዊላ ግን ፊቷ በራ።

«ሚስተር ኖዋክ፣ አሁን ያደረጉት ለምንድን ነው?»

«እንዴት ለምን? ሰልፍ ነዋ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይበላል።»

«ዳሪልን አስቀድመውት ቢሆንስ?»

«እሱ ጠግቦ ከኋላው ያለው ሁሉ ባዶ ሳህን ይዞ ይቀራል።»

«በተራው ቢሆን ግን ሁሉም በልቶ የሚጎድለው ለእሱ ብቻ ነው፣ አይደል? አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያጣው።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ባዶ ሳህን ይዞ የቀረውን ሰው ሁሉ በነፍስ ወከፍ ገንዘብ የሚቀጣ ተራ አስከባሪ ያስቡ። ብዙ ሰው ባጣ ቁጥር ብዙ ቅጣት ይሰበስባል። ይኼ ተራ አስከባሪ ዳሪልን የት ያስገባዋል?»

ክላረንስ በእጁ የያዛቸውን ቁጥሮች ማደል አቆመ።

«ባንኩ ያደረገው ይኼንን ነው» አለች ዊላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው በቀን ውስጥ ያወጣውን በመጣበት ተራ አልቆጠረም። ማታ ሁሉንም ሰበሰበና ትልቁን ከኋላ ጎትቶ ፊት አስገባው። የቤት ዕዳው ሂሳቡን ጠራርጎ ጨረሰ። ከዚያ ጠዋት በነበረ ገንዘብ የተገዛው ዳቦና መድኃኒት ገንዘብ የሌለው ሆኖ ተቆጠረ። በተራው ቢሆን አንድ ቅጣት ነበር፣ እሱም ለቤት ዕዳው። ትናንሾቹ በሙሉ በሰላም ያልፉ ነበር።»

«ጠዋት የገዛችው?» አለ ክላረንስ።

«ጠዋት ገንዘብ ነበረ፣ ሚስተር ኖዋክ።»

የክላረንስ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ ሰው ቁጥር ስጠኝ አለው፤ አልሰማውም።

«ይኼንን አምነዋል? ባንኩ አምኗል?»

ዊላ እዚህ ላይ ተቸገረች። «አላመነም። በስምምነቱ ላይ ጥፋት አላጠፋሁም፣ ነገር እንዲያልቅ ብዬ ነው የምከፍለው ይላል። ግን ከእንግዲህ ሂሳብ የሚቆጥረው በመጣበት ተራ እንዲሆን ተስማምቷል። ካሳውን ለማግኘት ማመልከቻው እስከ ሰኞ መግባት አለበት። አስቀድሞ ላሳወቀ ሰው ደግሞ ዳኛው ፊት ቀርቦ መናገርም ይቻላል።»

«ጥፋት አላጠፋሁም ይላል» አለ ክላረንስ። «እኔ ቤት ውስጥ እኮ አንድ ሰው ስታጠፋ ኖራለች ተብሏል። የተባለችው ደግሞ አላጠፋችም። ታዲያ ያጠፋው ማን ነው?»

ይኼን ሲል እኔም ንዴቱ አናቴ ላይ ወጣ። አንባቢዎቼ፣ እስቲ አስቡት። የተሰረቀው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ገንዘብ ይመለሳል እንል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን በየቤቱ ገብተው ባልና ሚስት አጣልተዋል። ስንት ቤት ነው ‹አባካኝ ነሽ›፣ ‹አባካኝ ነህ› እየተባባለ እንጀራው የመረረው? እነሱ ቢሮ ተቀምጠው ትልቁን ፊት፣ ትንሹን ኋላ እያሉ ሲደረድሩ፣ እኛ እዚህ እርስ በርስ ተወቃቀስን። ከዚያ ወዲያ ዓይን ያወጣ ሌብነት የት አለ?

ክላረንስ የቁጥር ወረቀቶቹን በሙሉ እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ሰልፉን ትቶ ሲሄድ ያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት። ዊላና እኔም ተከተልነው፤ ሐሜት አትበሉኝ፣ ልቤ አላስቆም አለኝ።

በርናዲን ምጣዱ ፊት ቆማለች።

«በርኒ፣ ያ የክረምቱ ቅጣት» አለ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት። «ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። ተራውን ያዛባው ባንኩ ነው። ስትገዢ ገንዘብ ነበረ።»

«እኔም ገንዘብ ነበረ ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

«አላመንከኝም።»

«ባንኩን አመንኩ» አለ ክላረንስ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ሥራ አቁመው ነበር። በርናዲን አላለቀሰችም፤ አልሳቀችም። ሊያርር የደረሰውን የድንች ቂጣ አወጣች፣ እሳቱን ቀነሰች፣ እጇን ጠረገች፣ ከዚያ ወደ ዊላ ዞረች።

«ማመልከቻው ላይ የማን ፊርማ ነው የሚያስፈልገው?»

«ሂሳቡ የጋራ ከሆነ ከሁለት የአንዳችሁ ይበቃል።»

«እንግዲያው የእኔ ይሁን።»

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ቤት፣ ዊላ ቅጹን አምጥታ እያሳየቻት፣ ራሷ ሞልታ ፈረመች። ክላረንስ አጠገቧ ተቀምጦ የባንክ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ቀና ብላም ሳታየው ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ሰው እንዲህ ያለ ካርድ ሲመጣለት አይጥልም። ዊላ ዓርብ ዓርብ ከዓሣው በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይዛ ለጠየቃት ሁሉ ታስረዳለች። እስከዚያ ሰኞ ያመለከተ ብዙ ሰው ካሳውን አግኝቷል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ አንዱ የጋዝ ክፍያ ሸፍኖበታል፣ አንዷ መነጽር ገዝታበታለች። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ዛሬ አንዲት ልጅ እግር እናት ጠዋት ወተት ብትገዛ ማታ ማንም ከኋላ መጥቶ ወተቷን አይቀጣባትም። ይኼንን ያመጣው የባንኩ ቸርነት አይደለም። ‹የእኔስ ጥቂት ናት› ብሎ ዝም ያላለ ሰው ነው ያመጣው። ስለዚህ ካርድ ሲመጣላችሁ አጣሩ፣ እውነት ከሆነ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉት፣ ከመሙላታችሁም በፊት በቤታችሁ ሰው ላይ አትፍረዱ።

ካሳው ከመከፈሉ በፊት፣ ስምምነቱ ዳኛ ፊት በተሰማበት ቀን ፍርድ ቤት ሄድን። ባልና ሚስቱ አስቀድመው አሳውቀው ነበርና፣ መናገር የሚፈልግ አለ ወይ ሲባል ክላረንስ ሊነሣ ሲል በርናዲን ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችውና ራሷ ወጣች።

«ክቡር ዳኛ» አለች፣ «የሚደርሰኝን ካሳ አልቃወምም። አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ባንኩ አባካኝ እንዳልነበርኩ ይናገር።»

ዳኛው በትዕግሥት ሰሟት። ባንኩን እንዲህ በል ብሎ ማስገደድ በዚህ ስምምነት እንደማይቻል፣ እንደሚያዝኑም ነገሯት።

«ገባኝ» አለች በርናዲን። ከዳኛው በታች ተቀምጣ የሚባለውን ሁሉ ወደምትጽፈው ሴት ዞረች። «የምናገረውን ሁሉ ትጽፊያለሽ አይደል?»

ሴትዮዋ ዳኛውን አየች። ዳኛው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እንግዲያው ጻፊ። ስሜ በርናዲን ኖዋክ ነው። አባካኝ አልነበርኩም።»