ጥንድ ጅግራ ያመጡልን ደግ ሰው

ይግቡ ዶክተር፣ ይግቡ። መንገዱ አቧራ ብቻ ሆኗል አይደል? ጠረጴዛውን ከዶሮ ቤቱ በር አጠገብ አድርጌልዎታለሁ፤ ብርሃኑ እዚህ ይሻላል። በረንዳው ላይ ጋዜጣ የሚያነቡት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እንኳን ደስ ያለዎት ይበሏቸው፤ የልጃቸው ሠርግ ደርሷል... ጋሼ፣ እርስዎ ያንብቡ፤ እኛ የዶሮ ወሬ ነው የምናወራው።

ይኸው የዛሬዋ ሟች። ስድስተኛዬ ናት። ቀስ ብለው ይክፈቷት፤ አንጀቷን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ነገ ጠዋት ነጋዴ መጥቶ የቀሩትን ሁሉ ሊጭናቸው ነው። አንድ ለቤታችን የሚያስቡ ሰው አሉ፤ "ሚስትህ ለዶሮ እጅ የላትም፣ መኖ እየሰሰተች ነው የምትፈጃቸው" ብለው ለባለቤቴ ነገሩት። እሱም አመነ። የስምንት ዓመት ልፋቴ ነው እንግዲህ... ግን ትልቅ ሰው ከተናገረ እኔ ምን እላለሁ?

እኚህን ሰው እርስዎ አያውቋቸውም፤ ከየት ያውቋቸዋል? ደግ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ሰው ቤት አይገቡም። የዛሬ ሦስት ወር፣ እርስዎ ዶሮዎቼን መርምረው "ንጹሕ ናቸው" ባሉኝ ሳምንት፣ ጥንድ ጅግራ ይዘውልን መጡ። ከጫካ የተያዙ፣ ላባቸው ነጠብጣብ፣ ሲያዩአቸው የሚያሳሱ። እኔ ሞኟ ኩሳቸው እስኪመረመር ለብቻ ይቆዩ ብዬ ጓሮ በሽቦ ከለልኳቸው። እንዴት ቅር እንዳላቸው ቢያዩ... "እንግዳ ለብቻው ይታሰራል እንዴ? ወንድሜ ምን ዓይነቷን ነው ያገባው?" አሉና ሽቦውን በገዛ እጃቸው ፈተው ከዶሮዎቼ ጋር ቀላቀሏቸው። እንግዳ አክባሪ ናቸዋ። ስለ ዶሮ ደግሞ ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል? አንድም ቀን አርብተው ባያውቁም።

ከዚያ ዶሮዎቼ መክሳት ጀመሩ። መኖ ጨመርኩ። እየበሉ ከሱ፤ ደረታቸው አጥንት ብቻ ሆነ። ሰውየው ግን አልተዉኝም። በየጠዋቱ እየመጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲመክሩኝ ከረሙ። በዚህ ዘመን ለሰው ጓዳ ይህን ያህል ጊዜ ያለው ሰው ማግኘት መታደል አይደለም?

እ... ምንድን ነው እሱ ነጩ? ትል? ይሄ ሁሉ? አንጀቷን ሞልቶ፣ እንደ ክር ተጠቅልሎ... ለካ እኔ ስመግብ የከረምኩት ዶሮ አይደለም። እና ትናንት የላክሁልዎት የጅግራዎቹ ኩስስ? በትሉ እንቁላል የተሞላ ነው? ትንሽ ጮክ ብለው ይበሉት ዶክተር፤ ጆሮዬ ደከም ብሏል። አሃ... ትሉ ከጅግራዎቹ ጋር ገብቶ፣ በኩሳቸው ጉዝጓዙ ላይ ወድቆ፣ ዶሮዎቼ ሲለቅሙት ከረሙ ማለት ነው። ጋሼ፣ ገጽ ካገላበጡ ቆዩ፤ ጥሩ ወሬ አገኙ መሰለኝ።

ይድናሉ? መድኃኒቱን በውኃ ልስጣቸው፣ ጉዝጓዙንም ጠርጌ ላውጣ? ተመስገን። እውነቴን ነው፣ ሲጫኑ ማየት ሞቴ ነበር። ብቻ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ያዩትን ሁሉ በወረቀት ይጻፉልኝ፤ ጅግራዎቹን እንዳይረሱ። ባለቤቴ የእኔን ቃል አይሰማም፣ የታላቁን ግን ይሰማል። የጋሼ ድምፅ ደግሞ ለንባብ የተፈጠረ ነው፤ ዛሬ ምሳ ላይ ራሳቸው ያነቡለታል። አይደል ጋሼ?... ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ ከፍ ካደረጉ እሺ ማለታቸው ነው፤ እኔ አውቃቸዋለሁ።

ያን ደግ ሰውማ እንዴት ብዬ እቀየማለሁ? ይልቅ ልመርቅና አሜን በሉኝ። እርስዎም ዶክተር፣ ጋሼም ጋዜጣውን አስቀምጠው። ሙሽራዋ ልጃችን ለወግ ለማዕረግ ትብቃ። ትዳሯ የሰመረ፣ ቤቷ የሞላ፣ ጓሮዋ የረባ ይሁንላት። የባሏ ታላቅ ወንድም ደግሞ... ቁርጥ እንደዚያ ሰው ይሁንላት፤ በየጠዋቱ እየመጣ የሚመክራት።