የሐልዋው ምስጢር

ከሂርና ወደ አሰበ ተፈሪ ስንሄድ፣ አውቶብሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሐልዋ ቤት ያላቸው ሐጂና ሥራ አስኪያጃቸው ነበሩ።

“ሙሜ፣ ዛሬ አማቶችህ ቤት ስትገባ አፍህን ያዝ።”

“ምን አልኩ፣ ሐጂ?”

“አማትህ ሐልዋ ትሸጣለች። እንዴት እንደምንሠራው መጠየቋ አይቀርም።”

“ብትጠይቀኝስ እነግራታለሁ እንዴ?”

“ልጅቷን እንዳትከለክልህ ፈርተህ ትነግራታለህ። እኔም ሙሽራ ነበርኩ!”

“ወላሂ አልናገርም!”

“የሱቁን ስምም አሠራሩንም የሰጡኝ ሐረር ያሉት የሐልዋው ባለቤቶች ናቸው። ‘ሥራ አስኪያጅህ ምስጢሩን ካወጣ አንተ እንዳወጣኸው ነው’ ብለው አስፈርመውኛል። ስማቸውን ከሱቄ በር ላይ ያነሱታል።”

“እርስዎ አሳድገውኝ፣ እኔ ሱቅዎን ላዘጋ?”

“አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን የቱን የቱን እንደምትደብቅ ታውቃለህ?”

“ሁሉንም ነዋ!”

“ቆይ፣ ልንገርህ።”

ሐጂ ሰው እንዳይሰማቸው ብለው ወደ ኦሮምኛ ዞሩና፣ ከስኳሩ አፈላል እስከ ሄሉ አጨማመር አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩለት። አውቶብሱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

“ያዝክ?”

“ያዝኩ፣ ሐጂ።”

“በል፣ ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚያውቅ የለም።”

እኔም ኦሮምኛ የምሰማ እንዳይመስላቸው ፈርቼ፣ የልጄን ጆሮ በነጠላዬ ሸፍኜ እስከ አሰበ ተፈሪ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን ሳይ ሄድኩ።